«ሌባሻይዋ እኔ ነበርኩ!»

እኔ ሰሞኑን ድሬዳዋ ነበርኩ። ሙቀቱ ያው ነው... ከቀትር በኋላ ሰውም ፍየሉም ጥላ ሥር ነው። የሄድኩት ለዘመድ ሠርግ ነበር። ነገር ግን ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ደብዳቤ ይዤ ነበር። ከዚያው ከድሬዳዋ የተላከች፣ ከደብተር ላይ በተቀደደ ወረቀት ፊትና ጀርባ የተጻፈች። ሠርጉን በልቼ ዝም ብዬ ልመለስ? አላስቻለኝም። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያች ደብዳቤ ነው።

ብዙዎቻችሁ «ምን ልማር?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። አካውንቲንግ ይሻላል ወይስ ኮምፒዩተር? ነርሲንግ ወይስ ማኔጅመንት? የዚህችኛዋ ጥያቄ ግን ለየት ይላል። «ክሪሚኖሎጂ ልማር ወይ?» ነው የምትለው። ለምን እንደሆነ ስታነቡት እኔ እንደደነገጥኩት ትደነግጡ ይሆናል። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቆርጬዋለሁ።

ደብዳቤው

«... ዕድሜዬ 22 ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ማለፊያ ነጥብም አምጥቼ ነበር፤ አባቴ ሲታመም ቤቱን የሚደግፍ ስለጠፋ ትምህርቱን ትቼ ሥራ ገባሁ። የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ፣ ልብስ ስፌት ላይ ነው። ቤት የተከራየነው ለአራት ነው። አንዲት ክፍል፣ አራት ፍራሽ። ሦስታችን ቆየት ብለናል። አራተኛዋ ገና ከገጠር መምጣቷ ነበር። ቁጥብ ናት፣ ብዙ አትናገርም።

«አንድ ቀን የሌሊት ፈረቃ ሠርተን ገብተን ተኛን። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት፤ ሶኬቱ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ስነቃ የለም! ሦስት ወር አጠራቅሜ የገዛሁት ስልክ! ጮህኩ። አከራያችን መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። የሁሉም ዓይን አዲሷ ልጅ ላይ አረፈ። የኔም። ፍራሿን ገለበጡት፣ ሻንጣዋን ዘረገፉት፣ ምንም አልተገኘም። ‹አውጪ!› እያሉ ሲመቷት ቆሜ አየሁ።

«ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃል ስሰጥ ‹ስትደብቅ አይተሻታል?› ተባልኩ። እኔ ያየሁት ፍራሿን ስታጥፍ ብቻ ነው። ግን ‹አዎ፣ አይቻታለሁ› አልኩ። በዚያች ሰዓት እውነት ያየሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሌሊት ታስራ በዋስ ወጣች። ከሥራ በመቅረቷ ተባረረች። ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ተገኘ። የወሰደው የአከራያችን ልጅ ነው! ለስልክ ጠጋኝ ሸጦት፣ ጠጋኙ ሲከፍተው ፎቶዬን አየና ስለሚያውቀኝ ጠራኝ። አከራያችን አለቀሱ። ‹አደራሽን የልጄን ነገር ዋጥ አድርጊልኝ፣ የአንድ ወር ኪራይ ይቅርልሽ› አሉኝ። ዋጥኩት። ለሰፈሩ ዛሬም ሌባዋ እሷ ናት።

«አሁን ስድስት ወር አለፈው። ለማታ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ክሪሚኖሎጂ የሚባል ትምህርት እንዳለ አነበብኩ። እሱን ተምሬ እውነተኛውን ሌባ የምለይ ሰው መሆን እፈልጋለሁ። ይበጀኛል ወይ? ሥራስ አለው? ወይስ ይሄ ሁሉ ሕሊናዬን ለማስታገስ ነው? ምን ይመክሩኛል?...»

ፓርኩ በር ላይ

የተቀጣጠርነው ከፈረቃ ስትወጣ ነበር። ባጃጅ ይዤ በመልካ ጀብዱ በኩል ሄድኩ። ቦታውን ለማታውቁት... ድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ነጻ የንግድ ቀጣና ሆኗል። በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ባጃጅ ነጂውም ሠራተኛውም ግን ዛሬም «ፓርኩ» ነው የሚለው።

ፈረቃው ሲለቀቅ ልጆቹ በአንዴ ወጡ። አንዷ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ ሌላዋ እየሄደች ታዛጋለች። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ወደ እኔ መጣች። በደብዳቤዋ አንቱ ስትለኝ የነበረችው፣ እንደ ድሬ ወግ «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ደስ አለኝ! ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

«ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት» አልኳት።

«ትፈርጂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«እኔ ማን ነኝና?» አልኩና የራሴን ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ተደብቄ አልመክርም። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ መርካቶ። ከኋላዬ አንዱ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጎረምሳ በአጠገቤ ሮጦ ሲያልፍ በያዝኩት ጃንጥላ መታሁት። ወደቀ፣ ከንፈሩ ደማ። ሌላ አራት አምስት ሰው ደረበበት። ልጁ ለካስ አውቶቡስ እያመለጠው ነው የሚሮጠው! ሌባ የተባለው ሌላ ሰው፣ በሌላ አቅጣጫ... ያ ልጅ ደሙን እየጠረገ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናም «ለምን እሱን መታሁ?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ እየሮጠ ስለነበረ። በቃ! ማስረጃዬ ይኸው ነበር።

የአያቶቻችን «ክሪሚኖሎጂ»

እንግዲህ ሌባ የመለየት ነገር ከተነሳ፣ በአገራችን ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣና መድኃኒት ይጠጣል፣ ያጨሳል። ራሱን ሲስት ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል። እየተንገዳገደ በየሰፈሩ ይዞራል። ሄዶ የወደቀበት ቤት... ባለቤቱ ሌባ ነው! ክፈል ይባላል። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ሹም የሚያዘው ሥርዓት ነበር። አፈርሳታም ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሬው ሰው ተሰብስቦ እየማለ ይመሰክራል፣ ካልታወቀም ዕዳው ለሁሉም ይከፋፈላል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ቁራኛም ነበር። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል ቃሉ ከዚያ የቀረ ነው።

ይህን ስነግራት ሻይዋን አስቀመጠችው። ዝም አለች... ቆየችና፣ «እኔ ቤት ያደረግነው እኮ ይሄንኑ ነው። መድኃኒቱን ሳልጠጣ ሄጄ እሷ ላይ ወደቅኩ። ሌባሻይዋ እኔ ነበርኩ!» አለችኝ።

እኔ ምክር ልሰጥ ሄጄ፣ ዋናውን ነገር ያለችው እሷ ናት።

ታዲያ ትምህርቱ ምንድነው?

ብዙ ወጣት ክሪሚኖሎጂ ሲባል ፊልም ላይ ያየው መርማሪ ፖሊስ ነው የሚመጣበት። ጥቁር መነጽር፣ አሻራ፣ «ገዳዩ አንተ ነህ!» የሚል። አይደለም! አሻራና የደም ምርመራ ፎረንሲክ የሚባል ሌላ ሙያ ነው። ክሪሚኖሎጂ የወንጀል ጥናት ነው። ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል? ለምን በዚህ ሰፈር በዛ? ኅብረተሰቡ ማንን ይጠረጥራል? ቅጣትስ ይሠራል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። የወንጀል ፍትሕ ደግሞ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፍርድ ቤቱና ማረሚያ ቤቱ እንዴት እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚበላሹ ያጠናል።

ይህ ሙያ ራሱ ተሳስቶ የታረመ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 ጣሊያናዊው ቤካሪያ፣ ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ወንጀልን የሚቀንሰው የቅጣት ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ እንደማይቀር መታወቁ ነው ብሎ ጻፈ። ይህ ዛሬም ይጠቀሳል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1876 ሌላው ጣሊያናዊ ሎምብሮሶ መጣና የእስረኛ ራስ ቅል እየለካ «ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ በመልኩ ይታወቃል» አለ። ዓለም አጨበጨበለት! በ1913 ግን ጎሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ብዙ ሺህ እስረኞችን ለክቶ፣ በመልክ የሚለይ የወንጀለኛ ዘር የሚባል ነገር እንደሌለ አሳየ። እንግዲህ እናንተዬ፣ «ፊቷ ራሱ ያስታውቃል!» የምንል ሰዎች ከ100 ዓመት በፊት በተሸነፈ ሐሳብ ነው የምንፈርደው።

ልጅቷን በጣም የገረማት ግን ሌላ ነው። «በእውነት ያየሁ መስሎኝ ነበር» ብላ የለ? እ.ኤ.አ. በ1974 ሎፍተስና ፓልመር የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለሰዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ከዚያ አንዳንዶቹን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ሌሎቹን «ሲደቃደቁስ?» ብለው ጠየቁ። «ሲደቃደቁ» የተባሉት ፍጥነቱን ከፍ አደረጉት። ከሳምንት በኋላም የተሰበረ መስታወት አይተናል ያሉት ከሌሎቹ ይልቅ ከእነዚሁ መካከል በዙ። ፊልሙ ላይ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም! የጥያቄው ቃል ትዝታቸውን ቀየረው። «ምን አየሽ?» ብትባል «ፍራሽ ስታጥፍ» ትል ነበር። «ስትደብቅ አይተሻታል?» ስትባል መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረበላት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሠራው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ያወጣቸው ሰዎች ታሪክም ይህንኑ ይላል፤ ብዙዎቹን እስር ቤት ያስገባው «እሱ ነው፣ አይቼዋለሁ» ያለ ምስክር ነው። ምስክሩ ሁሉ ውሸታም አልነበረም። እርግጠኛ ነበር።

እስቲ ደግሞ ያቺን ክፍል እንመርምራት። ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሉት ስርቆት የሚሆነው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፤ ለመውሰድ የተነሳሳ ሰው፣ በቀላሉ የሚወሰድ ዕቃና የሚጠብቅ ሰው አለመኖር። ስልኩ መስኮት ላይ ነው። አራቱም ከሌሊት ፈረቃ መጥተው ሞተው ተኝተዋል። ታዲያ መጠየቅ የነበረበት «አዲሷ ማናት?» ሳይሆን «እነዚህ ልጆች መቼ እንደሚተኙ፣ ሶኬቱም የት እንዳለ የሚያውቅ ማነው?» ነበር። እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅ ከግቢው ውስጥ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ስም ይወጣ ነበር። ግን የአከራይ ልጅን ማን ይጠረጥራል? ጥርጣሬ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው። አሜሪካዊው ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ስለሚሠሩት ወንጀል ሲናገር ያነሳው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ወንጀልን ከድህነት ጋር ብቻ ካሰርነው የላይኛውን አናየውም።

«እና ሌባ መለየት አያስተምርም?» አለችኝ።

«የመጀመሪያ ጥርጣሬሽን መጠርጠር ነው የሚያስተምረው» አልኳት።

የት ይማሩታል? ሥራስ?

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። በአገራችን አብዛኛው ሰው ወደዚህ ሙያ የሚገባው በጎን በር ነው። አንደኛው በር ሕግ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የወንጀል ሕግና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ዋና ትምህርቶች ናቸው። ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ ወይም ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ከዚህ ማለፍ አለበት። ለድሬ ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሐረማያም ቅርብ ናቸው። ሁለተኛው በር ሶሲዮሎጂ ወይም ሳይኮሎጂ ነው። ሦስተኛው ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ግን ከትምህርቱ ጋር የፖሊስነት ሕይወትም አብሮ እንዳለ ማወቅ ደግ ነው።

ሥራውን በተመለከተ አልዋሽም። «ክሪሚኖሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታዩም። ግን ማረሚያ ቤት፣ ጉምሩክ፣ ማጭበርበር የሚከታተሉ የባንክና የኢንሹራንስ ክፍሎች፣ በሴቶችና ሕፃናት ጥቃት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ይህን ዕውቀት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በስሙ ብቻ አትማረኩ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ያ የትምህርት ክፍል፣ በዚያ ካምፓስ፣ በማታው ፕሮግራም ጭምር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነውና፣ ተማሪዎቻቸው ፈተናውን እንዴት እያለፉ እንደሆነም አጣሩ። «ነገ ንገሪን፣ ቦታ እያለቀ ነው» የሚል ካለ... እሱን ራሱን ጠርጥሩት!

ደግሞም መሠረቱን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ለጉዞ የሚጠፋው ተገቢ ጊዜ ሳይቆጠር። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፣ ዝም የማለት መብትም አለው። አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም ዓላማዬ ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከል ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። አንዲት ገጠሬ ልጅ ይህን ብታውቅ፣ ሦስቱ የክፍል ጓደኞቿም ቢያውቁ... እስቲ አስቡት!

ምክሬ

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። «ሕሊናዬን ለማስታገስ ነው ወይ?» ብላለች። አዎ፣ በከፊል ነው። ነውር የለውም። ብዙ ሰው ሙያውን የሚመርጠው ከቁስሉ ተነስቶ ነው። ነገር ግን እህቴ ሆይ፣ የአምስት ዓመት ትምህርት የአንድ ቀን ቃልን አያርምም። አንቺ ዲግሪ ስትቀበዪ የዚያች ልጅ ስም እዚያ ጣቢያ መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። የመጀመሪያው የክሪሚኖሎጂ ትምህርትሽ ያንን ወረቀት ማስተካከል ነው።

ግን በድንገት እንዳትሄጂ! ያላዩትን አየሁ ብሎ መመስከር በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ አስቀድመሽ የሕግ ሰው አማክሪ። አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ጠይቂ። ከዚያ ስልኩ መገኘቱን፣ የት እንደተገኘም ተናግረሽ ቃልሽን አስተካክዪ። ለጎረቤቱም ንገሪ፤ ሲጮህ የተሰበሰበ ሰው ሲታረምም መስማት አለበት። የአንድ ወር ኪራዩንም መልሺላቸው፤ ያ ገንዘብ የልጅቷ ስም ዋጋ ነበር። አከራይሽን ይቀየሙኛል ብለሽ አትፍሪ... ይቀየሙሽ! የልጃቸው ጉዳይ ደግሞ ለሕግ ነው እንጂ ለሰፈር ዱላ አይደለም። እሱንም ሰብስበሽ አታስደብድቢው፤ ያን ካደረግሽ ምንም አልተማርሽም ማለት ነው።

ልጅቷን ስታገኚ «ይቅር በዪኝ» ብለሽ መልስ አትጠብቂ። ይቅርታ ማድረግ የሷ መብት ነው፤ እውነቱን መናገር ግን የአንቺ ዕዳ ነው።

ይህን ሁሉ ብያት ተለያየን። አታደርገውም ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልእክት ላከችልኝ። እንዲህ ትላለች፦

«የሕግ ሰው አማከርኩ። አብሮኝ ሄዶ ቃሌን አስተካከልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የፈረምኩት። ምን እንደሚመጣብኝ ገና አላውቅም። ኪራዩን መለስኩ፣ አከራያችን ቤቱን ልቀቁ አሉን፣ ለቀቅን። ሁለቱ ጓደኞቼ አኩርፈውኝ ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው። ለልጅቷ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። በአራተኛው አነሳች። ሁሉንም ነገርኳት። ‹ሰማሁ› አለች። ሌላ ምንም አላለችኝም። ግን ስልኩን ቶሎ አልዘጋችውም... ለትምህርቱ ከያዝኩት ገንዘብ የተወሰነው ለቤት ወጣ። ምዝገባ ሲከፈት የቀረውን ይዤ ሄጄ ስለ ሕጉ የማታ ፕሮግራም እጠይቃለሁ። አሁን ለምን እንደምማር አውቄዋለሁ።»

ይኸው ነው የዛሬው። እናንተስ? «ሌባ!» ሲባል ሰምታችሁ ሮጣችሁ የማታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ! እኔ አላወጣም። አስተያየታችሁን ጻፉልኝ፤ እንደተለመደው ስም አይወጣም።

እስከ ሳምንት ቸር ያገናኘን!